ጠብቃ የተነበበችው ቃል

«አቁሚ! አቁሚልኝ ልጄ... ተሳስተሻል!»

የዘፈን ደራሲው ከወንበሩ ብድግ ሲል ጉልበቱ ቋ አለ።

ከመስታወቱ ወዲያ፣ ማይክ ፊት የቆመችው ወጣት ዘፋኝ ቀና ብላ አየችው።

«አለች አይደለም የሚባለው... አለች ነው!»

ድምፅ ቀጂው ሣቁ አመለጠው። «ጋሼ... ሁለቱም ያው አለች ናቸው'ኮ!»

«ያው አይደሉም! አንደኛዋ ትጠብቃለች፣ አንደኛዋ ትላላለች። አጥብቀሽ በያት ልጄ። እማዬ አለች... በሕይወት አለች! አላልተሽ ስትያት 'ተናገረች' ሆነች'ኮ።»

ስቱዲዮው ጠባብ ነው... ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ፣ አየሩ የሞቀ ኬብል የሚሸት።

በዚያ ሳምንት አምስት የሶል ሙዚቃ ዘፋኞች የዚህን ሰው ዝነኛ የፖፕ ዘፈኖች እንደገና እየተጫወቷቸው ነበር። ሰው ሠላሳ ዓመት የጨፈረባቸውን ዘፈኖች እነሱ አርግበው... ከሆዳቸው እያወጡ።

ሌሎቹ በፍቅር ዘፈኖቹ ሲሻሙ፣ ይህቺ ድምፀ ጎርናና ግን ማንም ሳይጠይቃት «ለእኔ 'እማዬ አለች'ን ተዉልኝ» ብላ ነበር።

አዳራሽ የሚያናጋውን ዘፈን! አያት ከልጅ ልጁ እኩል የሚዘልበትን!

«አልተሳሳትኩም ጋሼ» አለች አሁን፣ ቀስ ብላ። «እኛ ቤት ላልታ ነው የምትነበበው።»

«እናንተ ቤት? የማን ቤት?»

«ከሷ ቀጥሎ ደግሞ አንድ ቃል አለ... 'ና' የሚል።»



የደራሲው ዓይን ጠረጴዛው ላይ ወደተጋደመው ፍሬም ሄደ። ለአልበሙ ሽፋን ፎቶ እንዲነሳ ከቤቱ ግድግዳ አውርዶ ያመጣው ነው።

ፍሬሙ ውስጥ የመድኃኒት ካርቶን ቁራጭ አለች። በወፍራም እስክሪብቶ ሁለት ቃል... «እማዬ አለች»።

ነገሩ የሠላሳ አንድ ዓመት ነው።

እሱ ሩቅ ከተማ የመጀመሪያ ካሴቱን ያሠራል። እናቱ ታማ ተኝታለች። ቤት ውስጥ ስልክ የለም። እህቱ ይህችን ቁራጭ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ላከችለት።

አነበባት... አጥብቆ።

«አለች! እማዬ አለች!» ብሎ ሾፌሩን አቅፎ አሽከረከረው።

በዚያው ደስታ ዘፈኑን ጻፈው። እናቴ ካለች ምን አስቸኮለኝ፣ ሥራዬን ልጨርስ ብሎም አራት ቀን ቆየ።

ሲደርስ እናቱ ተቀብራለች።

እህቱ ደጃፍ ላይ ቆማ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«የላኩልህን አንብበሃል?»

«አንብቤያለሁ እታለም።»

በቃ። ዓይንህን ላፈር አለችው። ለምን እንደሆነ ግን እስከዛሬ አልገባውም ነበር...

ዘፋኟ ማዳመጫውን አውልቃ ወደ እሱ መጣች።

«እናቴ ይህ ዘፈን ሬዲዮ ላይ ገና ሲጀምር ተነስታ ታጠፋዋለች። 'እናቴ ስትሞት የጠራችበትን ቃል ዘፈን አድርጎ አስጨፈረበት' ትላለች። ለምን እንደቀሩ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት... አጎቴ።»

«የእታለም ልጅ ነሽ?»

«ካርቶኗ ስለጠበበችኝ በሁለት ገጽ ጻፍኩለት ብላኛለች። ጀርባዋን አይተዋታል?»

ጀርባዋን? ጀርባዋ ላይ'ኮ የመድኃኒቱ ስም ነው የታተመው... ማን ያየዋል?

ድምፅ ቀጂው ሣቁ ከፊቱ ጠፋ። ከመሳቢያው ብሎን መፍቻ አውጥቶ የፍሬሙን ጀርባ ፈታው።

የመድኃኒቱ ስም። የሚያበቃበት ቀን። በሁለቱ መሀል፣ በዚያው ወፍራም እስክሪብቶ፣ አንዲት ፊደል...

ና።

እማዬ አለች... ና።

ደራሲው በሕይወቱ ስንት መቶ ዘፈን ጽፏል። እናቱ ግን የላከችለት አንዲት ፊደል ነበር። እሷንም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰቅሏታል።

«ውሰጂኝ» አላት። «አሁኑኑ።»

ቀለሙ የተላላጠ አረንጓዴ በር ነው። ዘፋኟ ቁልፍ ይዛለች... እሱ ግን ራሱ አንኳኳ።

«ማነው?»

«እታለም... እኔ ነኝ። ዛሬ ገና ገለበጥኳት።»

በሩ ገርበብ አለ። ነጭ ፀጉር... የተጨማደደ እጅ።

የእህቱ እጅ ካርቶኗን ተቀበለ። ገለበጣት። መልሶ ገለበጣት።

«አላየሃትም?»

«አላየኋትም። አለች ስትዪኝ... ደህና ናት ያልሽኝ መስሎኝ።»

ከውስጥ በደንብ ያልተዘጋ ቧንቧ ይሰማል... ጠብ... ጠብ...

«እኔ'ኮ አንብበህ የቀረህ መስሎኝ...»

«እታለም...»

«ታዲያ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማንን ነው የጠላሁት?»

በሩ ተዘጋ።

...

ወዳጆቼ... እሱ አልገለበጣትም። እሷም «ምን ብለህ አነበብካት?» ብላ አልጠየቀችም። የሁለት ሰው ዕድሜ በዚህ አለቀ።

ያኮረፋችሁት ሰው ካለ፣ ቃላችሁ እንዳሰባችሁት ደርሶት እንደሆነ ጠይቁት። ሰውየው በሕይወት እያለ... (ጠብቆ ይነበብ)።

እናንተ በእህትየው ቦታ ብትሆኑ... በሩን መልሳችሁ ትከፍቱት ነበር?