ወደሚጸለይበት

ሀምዲን ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ገባ፤ መስገጃውን አነጠፈ፤ ቀና ብሎ ግድግዳውን አየና ደርቆ ቀረ። ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ልሙጥ ነው። ያዘዘው ቅስት በስተቀኙ፣ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ቆሟል።

"ሊድያ፣ ይሄ ሚህራብ ወዴት ነው የሚያየው?" አለኝ። ሚህራብ የሚለው ሲሰግዱ ፊት የሚሰጡትን የግድግዳ ቅስት ነው።

አፌን ሳልከፍት ጋሽ አራጋው ከመሰላሉ ላይ መለሱለት። የቅስቱን ጠርዝ በትንሽ ብሩሽ እየነካኩ ነበር። "ወደ ምሥራቅ ነዋ! ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ በክር ነው ያስተካከልኩት። ንቅንቅ አይልም።"

በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅተን ሥራ ከጀመርን ብዙም አልቆየን። ኃላፊዋ እኔ ነኝ፤ ግንበኛው ጋሽ አራጋው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በደሴ ዙሪያ አብያተ ክርስቲያናት ሲሠሩ የኖሩ። አሁን ቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚገኘውን የሀምዲንን እናት ቤት እያደስን ነው። አሮጌ የጭቃ ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ኮርኒሱ ተወጠረ፣ ጓዳው ደግሞ የመስገጃ ክፍል ሆነ። እናትየው ሐጃ ጀሊላ ከመካ ተመልሰው ዛሬ ጠዋት ኮምቦልቻ አርፈዋል፤ ይሄኔ ወደ ደሴ የሚያመጣውን የሀረጎን ዳገት እየወጡ ነው። ቤቱ ደስ ካሰኛቸው ሀምዲን ኮምቦልቻ ላይ የሚያሠራው መጋዘን የኛ ነው። ካላሰኛቸው ግን ስማችን ሳይወጣ ጠፋ ማለት ነው።

እኔስ የት ነበርኩ? ጣሪያ ላይ። ደሴ ተወልጄ ቂብላ፣ ሲሰገድ የሚዞሩበት የመካ አቅጣጫ፣ በሰሜን በኩል መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ቅስቱን ሳየው የቁርኣን ማስቀመጫ መስሎኝ፣ "አቤት እጅ!" ብዬ አድንቄ አልፌያለሁ።

"ጋሼ፣ እኔ ምን ነበር ያልኩዎት?" ሀምዲን ራሱን ያዘ።

"'ቅስቱን ወደሚጸለይበት ያድርጉልኝ' አልከኝ። ታዲያ ወዴት ነው የሚጸለየው?"

"ኧረ በአላህ! ቂብላ ብል ግር ይልዎታል ብዬ እኮ ነው በናንተ ቋንቋ የነገርኩዎት!"

"በኛ ቋንቋ ከነገርከኝማ በኛ አቅጣጫ ሠራሁልህ። ምን አጠፋሁ?"

ሳቄ አመለጠኝ። ሀምዲንም ሊቆጣ ሲሰናዳ ሳቁ ቀደመው። ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳለ ከታች ከመንገዱ የመኪና ጡሩንባ ተሰማ፤ ሳቁም እዚያው ቆመ።

ጋሽ አራጋው ዘለው ወረዱ። "አሁኑኑ ልድፈነው!"

"ጭቃው መቼ ሊደርቅ?" አልኩና ሳሎን ሮጬ ትርፍ መጋረጃ አመጣሁ። ቅስቱ ላይ ቸንክረነው ሳንጨርስ ግቢው በእልልታ ተሞላ።

ሐጃ ጀሊላ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ መንገዱ ሳያደክማቸው ገቡ። ከሰላምታ ሁሉ በፊት የጠየቁት "አትጠገብስ?" ብለው ነው። እትዬ አትጠገብ የግድግዳ ጎረቤታቸው ናቸው፤ እግራቸውን ካመማቸው ወዲህ በመንገዱ ዞረው መምጣት አቅቷቸዋል።

"ጓሮዋ ፀሐይ እየሞቀች ነው፣ እማ። መጀመሪያ ይሄን እዪ" አለና ሀምዲን ክፍሉን ከፈተላቸው።

ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ኮርኒሱን አዩ። "ማሻአላህ! ማሻአላህ!" አሉ። ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ሰሜን ዞረው እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። ሲጨርሱ ዓይናቸው መጋረጃው ላይ አረፈ።

"መስኮት በሌለበት መጋረጃ?" ብለው ገለጡት።

መጋዘኑ ከነቆርቆሮው ሲሄድ ታየኝ።

"አንቱ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ ጋሽ አራጋው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው። "ወደሚጸለይበት ሲለኝ እጄ እንደለመደው ወደ ምሥራቅ ሄደ። ነገ ደፍኜ በቂብላው በኩል እሠራዋለሁ።"

ሐጃ ቅስቱን አዩ፤ ጋሽ አራጋውን አዩ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"አብሽር፣ አራጋው! ከመካ መምጣቴ እኮ ነው። ቂብላ የት እንደሆነ አይጠፋኝም!"

እጃቸውን ወደ ቅስቱ ሰድደው በጣታቸው አንኳኩ። ግድግዳው እዚያ ጋ ተፈልፍሎ ሳስቷል።

"ከዚህ ማዶ ምንድን ነው?"

"የእትዬ አትጠገብ ጓሮ ነው" አልኩ።

"ታዲያ ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? መስኮት ይውጣለት፤ ብሱት!"

"እማ፣ ገና ትናንት ቀለም የተቀባ ነው!"

"ዝም በል አንተ! ብሱት ብያለሁ።"

ጋሽ አራጋው ሁለተኛ አላስባሉም። መሮና መዶሻቸውን አንስተው ቅስቱን በሁለቱ የግድግዳ ቋሚ እንጨቶች መሐል መቱት። ስወለውለው ያረፈድኩት ወለል ላይ ጭቃው ተዘረገፈ፤ አላዘንኩም። በቀዳዳው የጠዋት ፀሐይ ገባ፤ ከፀሐዩ ጋር ድምፅ።

"ማነው ግድግዳ የሚያፈርስብኝ?"

"እኔ ነኝ! ጀሊላ!"

"መጣሽ እንዴ? እልልል! ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?"

ሀምዲን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "የመጋዘኑን አቅጣጫ ግን ለጋሼ እኔው ራሴ ቆሜ ነው የማሳያቸው።" ምን ማለቱ እንደሆነ ሲገባኝ እልል ለማለት ምንም አልቀረኝም።

በቀዳዳው አንድ የተዘረጋ እጅ አቧራ ለብሶ ገባ። ሐጃ ጀሊላ ከቦርሳቸው ተምር ዘግነው ሞሉት። እጁ ተምሩን ጨብጦ ሊመለስ ሲል አፈፍ አድርገው በሁለት እጃቸው ያዙት። ጋሽ አራጋው መሮአቸውን እንደያዙ ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። መስኮቱን ለማስፋት እጆቹ እስኪለቃቀቁ መጠበቅ ነበረባቸው።