የኮንሴፕታ የመጨረሻ ደንበኛ

ኮንሴፕታ ከአባቷ የወረሰችው መጠጥ ቤት በአየርላንድ፣ በሊትሪም ገጠር ነበር። ድሮ ቅዳሜ ማታ መቆሚያ አይገኝም ነበር። እየቆየ ግን ባንኮኒው ላይ ክርኑን የሚያሳርፈው ማላኪ ብቻ ሆነ። ሌላው ወንድ ከሱቅ የጣሳ ቢራ ገዝቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይጠጣል።

«ቴሌቪዥን ተራው ሲደርስ ይጋብዛል እንዴ?» ይላል ማላኪ።

ካቻምና ተስፋ ቆርጣ ማላኪን «ቤቱን መዝጋቴ ነው» ብትለው ብርጭቆውን ትክ ብሎ አየና «ትንሽ ታገሺ» አላት። ታገሠች። እውነትም ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ሦስት አራት ሰው እያጉረመረመ መግባት ጀመረ።

«የሱቁ ቢራ ገና በጠዋቱ አልቋል! ምን ይደረግ፣ አንቺው ጋ መጣን።»

«እንኳን አለቀ! ግቡ፣ እናንተ ከሃዲዎች!» ትላለች፤ አንጀቷ ግን ቅቤ ይጠጣል። ዘፈን የሚያነሣው ማላኪ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ፓድሬግ ጆሮዋ ሥር ተለጠፈ።

«ማላኪሽ መኪናውን ከሱቁ ጓሮ አቁሞ ካርቶን በካርቶን ቢራ ሲጭን አየሁት።»

«ሂድ፣ ወሬኛ!»

«እንግዲያ ሦስት ብርጭቆ ይጠጣ የነበረው ሰው አንዱን ይዞ የሚያመሸው ለምን ይመስልሻል? ቤቱ እየጠጣ ነዋ!»

እውነትም አንድ ብርጭቆ። ኮቱም ክርኑ ላይ ተበልቷል። ሰካራም ሁሉ ይኸው ነው፣ አለች በልቧ።

ማላኪ ገብቶ ብርጭቆውን እንደያዘ ጠየቀችው። «የጣሳ ቢራ ትገዛለህ?»

እስከ ጆሮው ቀላ። «እገዛለሁ።»

«እኔ ቤት እያለሁልህ?»

ኮንሴፕታ በሩን አሳየችው።

«ውጣ! ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳትደርስ!»

በዚያ መንደር ከመጠጥ ቤት መባረር ከእድር እንደ መሰረዝ ነው። ማላኪ ብርጭቆውን ሳይጨርስ ቆቡን አነሣ። «ደህና እደሪ፣ ኮንሴፕታ» ብሎ ወጣ።

የዓርቦቹ ሰዎች ግን አልቀሩም። «ያለ እሱም ይኖራል» አለች፤ ዘፈን የሚያነሣ ባይኖርም። የብርዱን ወራት ሁሉ መንገድ ላይ ስታየው ፊቷን አዞረችበት።

የካቲት ላይ ማላኪ ሞተ። አስከሬኑ እንደ ወጉ ቤቱ አደረ፤ መንደሩ ተሰበሰበ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ኮንሴፕታም ውስኪ ይዛ ሄደች። ኩርፊያ ሬሳ አጠገብ አይቀመጥም።

ወዲያው የእህቱ ልጅ ኦርላ ጠጋ አለቻት።

«እትዬ ኮንሴፕታ፣ መጠጡ አለቀ። ከጓሮ የማገዶ ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ይኸው። ቢራ ይኖር ይሆን?»

«ምን ይተርፈዋል ብለሽ ነው፣ የኔ ልጅ? ባዶ ጣሳ ካልሆነ» አለች፤ ቁልፉን ግን ተቀበለቻት።

በሩን ከፈቱት። ከወለል እስከ ጣሪያ የሱቁ ቢራ ተደርድሯል፤ የሁለት ዓመት ዓርብ ሁሉ፣ አንድም ጣሳ ሳይከፈት።