ያለ ዘፈን የሚነደፍ ጥጥ

«ይቅርታ ልጄ፣ አሁን ይቆማል» አሉ ጎረቤቷ የአሽረፍ እናት፣ ሹሩቅ ገና አፏን ሳትከፍት። ወደ ኋላቸው ዞረው በእጃቸው ምልክት ሰጡ። ጥጥ ነዳፊው ሐጂ ረጀብ የደጋናቸውን ጅማት በመዳፋቸው ያዙት። ግቢው ጸጥ አለ።

ሹሩቅ የፊዚክስ መጽሐፏን ደረቷ ላይ አቅፋ መጨረሻው ደረጃ ላይ ቆመች። የመጣችው ለስሞታ አልነበረም። ምን እንደምትል ከሦስተኛ ፎቅ ስትወርድ ታውቅ ነበር፤ አሁን ጠፋባት።

የአሽረፍ እናት ልጅ ሀናዲ ልታገባ ነው። በግብጿ ከተማ በጠንጣ የሙሽራ ፍራሽ የሚነደፈው መንገድ ዳር ነው፤ ሞንታርቦ ወንበር ላይ ይወጣል፣ ሴቶች እየጨፈሩ ነዳፊውን ያጣድፋሉ፣ ሕፃናት ጥጡ ላይ ይንከባለላሉ፣ መንገደኛ ሾፌር ሳይቀር በጥሩንባው ያጅባል። ዛሬ ግን ሐጂ ረጀብ ከሕንፃው ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢ ተቀምጠው ጅማቱን በቀስታ ይመታሉ። ሞንታርቦው ገመዱ እንደተጠቀለለ ጥግ ይዟል። ሴቶቹ ሲያጨበጭቡ መዳፎቻቸው አይነካኩም።

ይህ ሁሉ ለሹሩቅ ሲባል ነው። ሕንፃው ውስጥ ዘንድሮ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተና የምትፈተነው እሷ ብቻ ናት፤ ማንም ዝም በሉ ሳይላቸው ሁሉም ዝም አሉ። የሁለተኛው ፎቅ ጎረቤት ኳስ ጨዋታ የሚያየው ድምፁን አጥፍቶ ነው። ዳቦ ሻጩ በራቸው ጋ ሲደርስ መጮሁን ይተዋል። እናቷ ነጅላ የበሩን ደወል ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ከታዋለች፤ ቤት ውስጥ የምትሄደውም በካልሲ ነው። ደረጃ ላይ ያገኛት ሁሉ «እንዴት ነሽ ዶክተር» ይላታል፣ እሱንም በሹክሹክታ።

ሹሩቅ እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። ትናንት አንድ ገጽ አንብባ ስትጨርስ ስለ ምን እንደሆነ ማስታወስ አቃታት። እንደገና አነበበችው፣ እንደገና ጠፋባት። ፊዚክስ ከነገ ወዲያ ነው።

የአሽረፍ እናት የትራሶቹን ጥጥ በእጃቸው አፍታተው እንደሚጨርሱ፣ ከእንግዲህ ኮሽታ እንደማይኖር ነገሯት። ከሴቶቹ አንዷ፣ ዶክተር ስትሆኚ በነፃ ካላከምሽን አንላቀቅም አለቻት። ሌሎቹ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። ሀናዲ ብቻ አልሳቀችም። ፊትሽ አመድ መስሏል፣ ምን ሆነሻል ብላ ጠየቀቻት።

«ዘፈኑን ክፈቱት» አለች ሹሩቅ።

የአሽረፍ እናት በትክክል የሰሙ አልመሰላቸውም። «ምን አልሽ ልጄ?»

«ዘፈኑን። ጮክ አድርጋችሁ።» ዓይኗን ጥጡ ላይ ተከለች። «ለእኔ ብላችሁ ዝም ስትሉ ይሰማኛል፣ እትዬ። ሌሊቱን ሙሉ ይሰማኛል። ሁላችሁም ትንፋሻችሁን ይዛችሁ የምትጠብቁኝ ይመስለኛል።»

የአሽረፍ እናት ቀና ብለው የሦስተኛውን ፎቅ መስኮት አዩ። መከለያው ተዘግቷል። እሳቸውና ነጅላ ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ ናቸው፤ አንድም ቀን ተኳርፈው አያውቁም።

«እናትሽ ምን ትለኛለች? ፊዚክሱ ቢበላሽ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ጥፋቱ የእኔ ዘፈን ነው የሚሆነው።»

«አሁንም እየተበላሸ ነው» አለች ሹሩቅ።

ከዚያ ሐጂ ረጀብ ጢማቸው ላይ የተጣበቀውን ብናኝ እየጠረጉ፣ ያለ ዘፈን እጄም አልታዘዝ ብሎኛል አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ሀናዲ ተነስታ ገመዱን ፈታችና ሶኬቱ ላይ ሰካችው።

መጀመሪያ ሞንታርቦው አጓራ። ቀጥሎ ከበሮው መጣ። ሴቶቹ ትንሽ ካመነቱ በኋላ አጨበጨቡ፣ በእውነተኛ መዳፍ። አንዷ እልል አለች። ሐጂ ረጀብ ጅማቱን እንደ ወትሯቸው መምታት ጀመሩ፤ ጥጡ ወደ ላይ እየተነሳ በሁሉም ራስ ላይ ያርፍ ጀመር። የሁለተኛው ፎቅ ጎረቤት መስኮቱን ከፍቶ ወደ ታች አየ፤ መልሶ አልዘጋውም።

ሹሩቅ አልጨፈረችም። ለፍራሹ የተዘረጋው ጨርቅ ላይ፣ ከተቆለለው ጥጥ አጠገብ ተቀመጠችና መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ከፈተች። አንድ መስመር አነበበች። ሁለተኛውን ስትጀምር መጽሐፉ ተንሸራተተ። ሐጂ ረጀብ ጨርቁን ሊስቡ ሲመጡ በጎኗ ጥጡ ላይ ተኝታ አገኟት። ሽፋሽፍቷ ላይ ብናኝ አርፏል።

ነጅላ ባዶ እግሯን፣ ሻሿን በወጉ ሳታስር፣ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። እጇን የዘረጋችው በቀጥታ ወደ ሞንታርቦው ነው። የአሽረፍ እናት መንገዷ ላይ ቆሙ፤ በአገጫቸው ወደ ጥጡ አመለከቱ።

ነጅላ አየች። ልጇ አፏን ከፍታለች። ከአፏ የወጣው ለሀጭ የሙሽራዋን አዲስ ጨርቅ አርሶታል። ሀናዲ ድምፁን ልትቀንስ ጎንበስ አለች።

«ተይው» አለች ነጅላ።

የወደቀውን መጽሐፍ አነሳች፣ ጥጡን ከላዩ አራገፈችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ሐጂ ረጀብ ፍራሹን ትተው ወደ ትራሶቹ ዞሩ። ዘፈኑ እስከ ምሽት ቀጠለ፤ ፍራሹ የተሰፋው በማግስቱ ነው።