ከፎቶው ጀርባ የነበረው

ካርቶኑን የጣለችው እሷ ናት። ማንም አላዘዛትም...

አባቷ ዓይኑን ሊታከም ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። እሷ ቤቱን ላጽዳለት ብላ ገባች።

ከአልጋው ሥር አንድ የጫማ ካርቶን አገኘች።

ውስጡ የድሮ ፎቶዎችና የጋዜጣ ቁራጮች... እያንዳንዳቸው በነጭ ወረቀት ተጠቅልለው።

አባቷ ዕድሜውን በሙሉ ማተሚያ ቤት የብረት ፊደል አንድ በአንድ እየለቀመ ሲደረድር የኖረ ሰው ነው። ፎቶ የሚነካው እጁን ታጥቦ፣ ያውም በጠርዙ ይዞ ነው።

እሷ ግን ተናደደች።

«የእናቴ ፎቶ በጫማ ካርቶን?»

እናቷ የሞተችው እሷ ገና ድክ ድክ ስትል ነው። ድምጿን እንኳ አታስታውሰውም።

ሮጣ ትልቅ አልበም ገዛች። ፎቶዎቹን በኮላ፣ ጋዜጦቹን በፕላስተር ግጥም አድርጋ ለጠፈች።

ከፎቶዎቹ ጀርባ በእርሳስ የተጻፈ ነገር ነበር... አይታዋለች።

«ደግሞ ጀርባ ማን ያያል?» አለችና ኮላውን ቀባችበት።

አባቷ ሲመለስ አልበሙን ገለጠው። የአንዱን ፎቶ ጠርዝ በጥፍሩ ሞከረ... ንቅንቅ አላለም።

«በኮላ ነው?»

«አዎ አባዬ! ዕድሜ ልኩን አይነቀልም!»

አልበሙን ቀስ ብሎ ከደነውና፣

«እጅሽ ይባረክ፣ እመቤት ጥድፊያ» አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መስኮት ሥር እየተቀመጠ፣ አልበሙን እየገለጠ ደብተር ላይ መጻፍ ያዘ።

«ዓይንህ ገና አልዳነም እኮ! ልትታወር ነው?»

«ሳልታወር ልጨርስ ብዬ ነዋ።»

አንዴማ እስክሪብቶውን ቀምታው ታውቃለች።

በሦስተኛው ዓመት አረፈ።

አንድ ቀን ትንሿ ልጇ አልበሙን ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ይቺ ማናት? ይሄስ ሰውዬ?»

አንዳቸውንም አላወቀቻቸውም።

አልበሙን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ፎቶ ቤት ሄደች። ፎቶ አንሺው አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እህቴ፣ ኮላው ጽሑፉን በልቶታል። ልንቀለው ብል ፊታቸውም አብሮ ይሄዳል። ለመሆኑ ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«... የቤት ሰው» አለች።

ያኔ ነው ደብተሩ ትዝ ያላት።

ቤት ገብታ ከፈተችው። ከፎቶዎቹ ጀርባ የነበረውን ሁሉ አባቷ እያስታወሰ ጽፎታል፤ ማን እንደሆነ፣ መቼ፣ የት... የአልበሙን ገጽ እየቆጠረ።

ገጽ ዘጠኝ ላይ እንዲህ ይላል፦

«ሚስቴ፣ ልጃችን በተወለደች በሳምንቷ። ከጀርባው ራሷ በእርሳስ የጻፈችው፦ "ስታለቅስ እንኳ ታምራለች።" ቃሉ ይኸው ነው። የእጅ ጽሑፏን ግን መመለስ አልቻልኩም።»

አንድም ቀን «ምን አደረግሽ?» ብሏት አያውቅም...

ወዳጆቼ፣ ፎቶ ኮላ አይንካው። ጋዜጣም ፕላስተር አይወድም። የሰዎቹን ስም በእርሳስ ቀለል አድርጋችሁ ጀርባው ላይ ጻፉ፤ በነጭ ወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅና ፀሐይ የማይገባበት ቦታ አስቀምጡ።

ከሁሉ በፊት ግን... የሰው ዕቃ ከማሳመራችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ።

እናንተ ቤት ካሉት ፎቶዎች ውስጥ ስሙን የማታውቁት ሰው አለ? የሚያውቀው ሰውስ ዛሬ በሕይወት አለ? እስቲ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ።

ሴትዮዋ እኔ ነኝ።

አባቴን ይቅርታ ሳልጠይቀው አመለጠኝ... እናንተ ይቅር በሉኝ።