የጣት ስፖርት

ቁርጥማት ጣቶቿን ካሳበጠባት ዓመታት አልፈዋል። ሐኪሙ “ጣቶችሽን አሠሪያቸው” ስላላት፣ ልጇ ሕሊና ኮምፒውተር ላይ አረፋ የሚፈነዳበት ጌም ጫነችላት። መጀመሪያ ማውሱን መጨበጥ እንኳ አቃታት። በሦስተኛው ወር ግን አረፋውን ታንጣጣው ጀመር፤ እብጠቱም ጎደለ።

“እሰይ!” አለች ሕሊና፣ የእናቷን እጅ እያገላበጠች። “ቀለበቱ አሁንስ ይወልቃል። አባዬ ትቶሽ ሌላ ካገባ እኮ ስምንት ዓመቱ! ‘ጣቴ አብጦ እንጂ ዛሬውኑ አውልቄ በጣልኩት’ ስትይ አልነበር?”

ሳሙና ልታመጣ ሮጠች።

እናትየው ቀለበቱን ነካ አደረገችው። ያለ ሳሙና ሙልጭ ብሎ መዳፏ ላይ ወደቀ። ቶሎ ብላ መልሳ አጠለቀችውና ጣቶቿን ጭብጥ አደረገች።

“ተይው ልጄ” አለች፣ ሕሊና ሳሙናውን ይዛ ስትመለስ። “ዛሬ ደግሞ ብሶብኛል።”