የጽጌ ጾም

«አባቴ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት መዋጥ ያስቸግርዎት የጀመረው ከመቼ ነበር?» አለች ሐኪሟ፣ እስክሪብቶዋን ካርዱ ላይ አቁማ። «ቶሎ የታከመና ዘግይቶ የታከመ ሰው ክትትሉ አንድ አይደለም፤ ቀሪ ዕድሜውም እንደዚያው። በደንብ ያስታውሱ።» እሱ አፉን ሳይከፍት ባለቤቱ ቀደመችው። ከቴፒ ይዛ የመጣችውን ሙዝ ልጣ፣ እንዳስለመደችው ለጉሮሮው እንዲመች በጣቷ እየቆነጠረች ነበር። «ከቀዶ ጥገናው ሁለት ወር ቢቀድም ነው ልጄ። ከዚያ በፊትማ ጾመኛ ነው። የጽጌን የፈቃድ ጾም እንኳ ጀንበር ሳትጠልቅ እህል አይቀምስም። ሲፈታም የአብሽ ውሃ ብቻ ነው። ቄሱ ሳይቀሩ በሱ ጾም ምእመኑን ይመክሩ ነበር።»

እስክሪብቶው መጻፍ ሲጀምር ሰውየው ጉልበቱ ላይ ያኖረውን ባርኔጣ ጨመደደው። «ከቀዶ ጥገናው በፊት ዓመት አልፎት ነበር» አለ፣ ወለሉን እያየ። «ጾም አልነበረም። እንጀራው አልወርድ ብሎኝ ነው። ሰው ሲያመሰግነኝ ጊዜ ዝም አልኩ።»

ሐኪሟ የጀመረችውን ሰርዛ እንደገና ጻፈች። ባለቤቱ ሙዙን መቆንጠር ተወች። «እኔስ?» አለች፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «አብሬህ ስራብ የከረምኩት?» መልሱን ሳትጠብቅ ከወትሮው ያነሰች ቁራሽ ቆንጥራ ወደ አፉ ዘረጋች። «በል፣ ጉረስ።»

ጎረሰ። በቀዶ ጥገናው ጉሮሮው ከተከፈተለት ግማሽ ዓመት ሆኖታል፤ ገንፎውም ሾርባውም ደህና ይወርድለት ነበር። ያቺ የሙዝ ቁራሽ ግን አልወርድ አለችው።