ሙቀቱ ሳይወጣ

«አሁን በደንብ ወደ ውስጥ ተንፍሺና ያዢው» አለች ሐኪሟ፣ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ በልጅቷ ግራ ጎን ላይ እያንሸራተተች።

አባትየው መቀመጥ አቅቶት መስኮቱ ጋ ቆሟል። ሰፈሩ ጋሽ ጡሩምባ ይለዋል፤ በከተማው ባንድ ውስጥ ትራምፔት ሲነፋ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ነው። እሱ በጡረታ ለሚለቀው ወንበር ልጁ ነገ ጠዋት ትፈተናለች። ወንበሩ አንድ ነው፤ ካመለጠ አመለጠ። እሷ ግን ሰሞኑን እንቅልፍ ብቻ ሆናለች። ትራምፔቱን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ታንቀላፋለች።

«ስንፍና ነው እኮ፣ ዶክተር» ብሎ ነበር ገና ሲገቡ። «ፈተና ሲደርስ የሚመጣ በሽታ ጠፍቶኝ ነው? እኔም ልጅ ነበርኩ።»

ሐኪሟ ወደ ልጅቷ ዞረች። የልጅቷን አፍ አስከፍታ ነጭ ሽፋን የለበሰውን ቶንሲሏን አየች። ያበጠውን የዓይን ቆቧን አየች። አንገቷን ከኋላ በኩል ስትዳስስ ንፍፊቱ እንደ ሽምብራ ከጣቶቿ ስር ተንከባለለ። ሆዷ ላይ የፈሰሰውን ቀይ ሽፍታ ስታይ ደግሞ ጭራሽ ፈገግ አለች። ሰው በልጁ ሽፍታ ሲስቅ አይቶ የማያውቀው አባት ደሙ ፈላ።

«ምን መድኃኒት ሰጧት?»

«ለጉሮሮዋ ነዋ! ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ነበር።»

«በሉ፣ ሽፍታው አሳበቀበት። ይሄ በሽታ ያለበት ሰው አሞክሳሲሊን ሲውጥ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርገዋል» አለች። ደሟም ተመርምሮ ሲመጣ ያንኑ ተናገረ። የቀረው ጣፊያዋን ማየት ነበር።

«ይኸውልዎት፣ ይምጡ።»

ጋሽ ጡሩምባ ወደ መሣሪያው ስክሪን ጠጋ አለ። መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነበር። ከዚያ ልጅቷ ስትተነፍስ አንድ ጠርዙ የከበደ ነገር ከጭጋጉ ወጥቶ ቀስ ብሎ ወረደ፤ ትንፋሿን ስትለቅ ተመልሶ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ «በሆድሽ ተንፍሺ!» እያለ ሲጮህ የኖረ ሰው፣ ትንፋሽ ሆድ ገብቶ የሚሠራውን አይቶ አያውቅም።

«የእግዚአብሔር ያለህ!» አለ በሹክሹክታ። «ይሄን ይዛ ነው የምትዞረው?»

«ጣፊያ ሁላችንም አለን። የሷ ግን በሽታውን ሲዋጋ አብጦ ከጎድን አጥንቷ ስር ወጥቷል። ትንፋሿን አምቃ ብትነፋ ወይም የሆነ ነገር ቢመታት ሊፈነዳ ይችላል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ከደረሰ ግን ቀልድ የለውም።»

«ነገ…?»

«ነገም የለም፣ የሚቀጥለው ሳምንትም የለም። እረፍትና ውሃ ብቻ። እኔ እስክፈቅድ ትራምፔት የሚባል አትንካ።»

ልጅቷ ዓይኗ በእንባ ሞላ። «አባዬ፣ ወንበሩ…»

«ወንበሩ ገደል ይግባ!» አለ። እንዲህ ይላል ብሎ ራሱም አልጠበቀም። «ስንፍና ነው» ያለበት አፉ አሁን አንገበገበው። «ስሙ ምንድን ነው ግን ይሄ ጉደኛ?»

«ሞኖ ይባላል። የመሳሳም በሽታ የሚሉትም አሉ።»

አባትየው ቀስ ብሎ ወደ ልጁ ዞረ። «ማነው እሱ?»

«አባዬ ሙት! ማንም የለም!»

ሐኪሟ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ኧረ ይተዉአት! በምራቅ ነው የሚተላለፈው። ኩባያም ሊሆን ይችላል፣ ማንኪያም። አፍና አፍ የነካው ሁሉ።»

አባትና ልጅ ተያዩ። በቤታቸው የትራምፔት ትምህርት አንድ ሕግ አለው። እሱ ይነፋል፣ ድምፁ ገና አየሩ ላይ እያለ ትራምፔቱን ያቀብላታል፣ እሷም አፏን እሱ ባኖረበት ታኖራለች። መጥረግ ክልክል ነው። «ሙቀቱ ሳይወጣ ተቀበዪ! የተጠረገ ድምፅ አይወረስም» ይላታል።

«እኔ እኮ ምንም አላመመኝም» አለ፣ ድምፁን ቀንሶ።

«አሁን አይደለም። አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ወይም በወጣትነቱ ይይዘዋል። ሰውየው ይድናል፣ ቫይረሱ ግን አይወጣለትም፤ ዕድሜ ልኩን ውስጡ ተኝቶ ይኖራል። አንዳንዴ ነቅቶ ምራቅ ውስጥ ይገባል፣ ባለቤቱ አያውቅም። ከእርስዎ ነው ብዬ አልምልም። ሊሆን ግን ይችላል።»

ጋሽ ጡሩምባ ያኔ ተቀመጠ። በልጁ ዕድሜ እያለ አንድ ወር ያህል አልጋ ላይ ውሎ ነበር፤ አንገቱ አብጦ የሸሚዝ ቁልፍ እምቢ ብሎት፣ እናቱ አለቀብኝ ብላ ስታለቅስ። ትራምፔት ያስተማረው ሽማግሌ ሊጠይቀው መጥቶ እግሩ ስር ተቀመጠና ሳቀ። «ድምፅ ሲገባ እንዲህ ያማል፤ አይዞህ፣ ገብቶልሃል» አለው። ሽማግሌውም ሲያስተምረው ሳይጠርግ ነበር የሚያቀብለው። ከሞተ ስንት ዘመኑ! ልጅ አልወለደ፣ ፎቶ አልተወ።

«ዶክተር፣ እኔ ውስጥ አሁንም አለ?»

«አለ።»

«ያ ያኔ የተቀበልኩት? ራሱ?»

«የዚያው ዘር ነው።»

እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ። የሞተው ሽማግሌ በሱ ውስጥ ይሄን ሁሉ ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ኖሮ፣ አይቷት የማያውቃት የተማሪው ልጅ ጋ ደርሷል።

«ልጄ» አለ፣ «ሰውዬው አንቺም ጋ ደረሰ።»

አልሰማችም፤ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። አልቀሰቀሳትም። በመሣሪያው ስክሪን ላይ ያ የከበደ ጠርዝ ከትንፋሿ ጋር ይወርዳል፣ ይወጣል። ሐኪሟ እጇን ልታነሳ ስትል ክንዷን ነካ አደረጋት።

«ትንሽ ይቆይልኝ» አላት።